ቤታቸውን የዘጉልኝ ሽማግሌ

ጋሽ ዘለቀ ማረፋቸውን ስሰማ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማንን ሲያስታርቁ?» የሚል ነበር። መርዶውን በስልክ የነገረችኝ ልጅ ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ያረፉት በሰላም ነው፤ ምሳቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ። በዚያን ቀን በዙሪያቸው የተጣላ ሰው አልነበረም። ለሚያውቃቸው ሰው ከሞታቸው ይልቅ ለማመን የሚያስቸግረው ይኼኛው ነው።

ለቅሶ ልደርስ ሎስ አንጀለስ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጢም ብሏል። ከተቀመጠው ሰው ግማሹ እሳቸው ያስታረቁት ነው፤ ግማሹ ደግሞ እሳቸው ካስታረቁት በኋላ ተመልሶ የተጣላ። በአንዱ ግድግዳ በኩል አንድ ፈት ባል፣ በወዲያኛው በኩል ፈት ሚስቱ ተቀምጠው፣ እየተያዩ ላለመተያየት እየጣሩ፣ ሁለቱም ለየጎረቤታቸው «እኛን እኮ ስንት ጊዜ አስታርቀውናል» እያሉ በኩራት ያወራሉ። ሁሉም የየራሱን ሲያወጣ እኔ ዝም አልኩ። የእኔ ረጅም ነው፤ ደግሞም የሚያስቅ አለበትና ለቅሶ ላይ አይሆንም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ጋሽ ዘለቀ አዲስ አበባ እያሉ አውቶቡስ ተራ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሾፌርና ረዳት፣ ረዳትና ተሳፋሪ፣ ተሳፋሪና የሌላው ተሳፋሪ በግ ሲጣሉ የሚገላግሉት እሳቸው ነበሩ። አሜሪካ ሲመጡ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ጎን ያለ ፓርኪንግ ላይ ተቀጠሩ፤ ሥራው ግን አልተለወጠም። ሁለት ፈረንጆች መኪና ከተጋጩ ፖሊስ እስኪደርስ አጨባብጠው ይጠብቁታል ይባል ነበር። በምን እንግሊዝኛ እንደሚያስታርቁ ጠይቄያቸው «ፀብ ቋንቋ አለው፤ ዕርቅ ቋንቋ የለውም» ብለውኛል። መልሱ ያምራል፤ እንግሊዝኛቸው ግን እውነትም አልነበረም።

ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ የኮታቸውን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ይቆልፉና ይጠራርጋሉ፤ ጉሮሯቸውን ማለቴ ነው። ኮት ካልለበሱ የሸሚዛቸውን ይቆልፋሉ። ሸሚዙ ተቆልፎ ከሆነ ፈትተው እንደገና ይቆልፉታል። ከዚያ ይነሣሉ። «ተቀምጦ የተነገረ ወሬ ነው፤ ቆሞ የተነገረ ቃል ነው» ይሉ ነበር። ቤታቸው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጋሽ ዘለቀ ብድግ ካሉ ይደነግጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚነሡት ሽንት ቤት ለመሄድ ነው።

ያኔ፣ በሰማንያዎቹ ውስጥ፣ የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና የዛሬው ፌርፋክስ አልነበረም። የእኛ ሰው ምግብ ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ የቀረው ሰፈር የአሮጊትና የሽማግሌ አይሁዶች ነበር። ጋሽ ዘለቀና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ ሕንጻ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበራቸው። ያ በር ሲቆለፍ አይቼ አላውቅም። ከሱዳን የመጣ፣ ከዳላስ የመጣ፣ ሥራ የለቀቀ፣ ከሚስቱ የሸሸ ሁሉ እዚያ አድሯል። ልጅ አልነበራቸውም፤ ቤቱ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም። ከካርቱም በስደተኝነት የመጣሁ ቀን ጋሽ ዘለቀ ኤርፖርት የነበሩት ሌላ ሰው ሊቀበሉ ነው። ያ ሰው አልመጣም። እኔን የሚቀበለኝም ሰው እንዲሁ ሳይመጣ ቀርቶ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሲያዩኝ «አስካለ ለእንግዳ ብላ ወጥ ሠርታለች፤ ባዶዬን ብመለስ ትጣላኛለች» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ሶፋው የእኔ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣ እንግዳ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ነው የተኛው።

ራጅ ማንሳት መማር ፈልጌ ነበር። ሎስ አንጀለስ ያሉት ትምህርት ቤቶች ወረፋቸው አላልቅ አለኝ፤ ኔቫዳ ስቴት፣ ላስ ቬጋስ ያለ አንድ ኮሌጅ ግን እንደሚቀበለኝ ነገረኝ። ችግሩ ክፍያው ነው። በዚህ አገር ኮሌጁ ባለበት ስቴት የሚኖር ተማሪ የሚከፍለው አነስተኛ ነው፤ ከሌላ ስቴት የመጣው ሦስት እጥፍ ይከፍላል። የስቴቱ ነዋሪ ለመባል አንድ ሙሉ ዓመት እዚያ መኖር፣ ራስን መቻል፣ ሌላ ቦታ የሚመለሱበት ቤት እንደሌለ ማሳየት ያስፈልጋል። ስለዚህ አስቀድሜ ላስ ቬጋስ ገባሁ፤ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ክፍል ተከራየን፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ጀመርኩ። ዕረፍት በወጣሁ ቁጥር ግን አውቶቡስ ተሳፍሬ ሶፋዬ ላይ ነኝ።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል የኮሌጁን ማመልከቻ የሞላሁት እዚያው ፌርፋክስ፣ ጋሽ ዘለቀ አጠገቤ ተቀምጠው ነው።

«ቋሚ አድራሻ የሚለው ላይ የቬጋሱን ልጻፍ ጋሼ?»

«ምነው? አባረርኩሽ?»

«አይ፣ የምኖረው እዚያ ስለሆነ ነው።»

«የምትሠሪው እዚያ ነው። ቤትሽ እዚህ ነው። ሰው ሲያየው ምን ይላል? ዘለቀ ልጅቷን አስወጣት ይባላል።»

«ማን ያየዋል ጋሼ?»

«የሚያየው አይጠፋም።»

የፌርፋክሱን ጻፍኩ። እውነትም የሚያየው አልጠፋም። ኮሌጁ ተቀብሎኛል፤ ነገር ግን ቤቴ ካሊፎርኒያ ስለሆነ የምከፍለው እንደ ካሊፎርኒያ ሰው ነው ብሎ መለሰልኝ። አልጋ በማንጠፍ ሦስት እጥፍ አይከፈልም። ካልከፈልኩ ቦታዬ ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል፤ እኔም እዚያው አልጋ ሳነጥፍ እከርማለሁ። ሶፋው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ጋሽ ዘለቀ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ማንን ነው ያስቀየምሽው?»

«ማንንም።»

«እንዲያው ያለ ነገር?»

«ጋሼ፣ ሕግ ነው። ሩል ነው። የተጣላኝ ሰው የለም።»

«ሕጉን የያዘ ሰው አለ አይደል?»

«አለ።»

«ሰው ካለ ሽማግሌ ይላካል» አሉና ቁልፋቸውን መቆለፍ ጀመሩ።

እትዬ አስካለ ከማድቤት ሆነው ሰምተዋል። «ኮሌጅ ላይ ሽማግሌ! ድንጋይም ተሸክማችሁ ግቡ እንግዲህ» አሉ። ጋሽ ዘለቀ ለአፍታ ያሰቡበት መሰለኝ።

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። ሁለተኛው ከኢንግልዉድ መሪጌታ ጥበቡ ሆኑ። መሪጌታ ድምፃቸው ግሩም ነው፤ እንግሊዝኛቸው ግን «ጉድ ሞርኒንግ» ላይ ያበቃል፤ እሷንም በማንኛውም ሰዓት ይጠቀሙባታል። ሦስተኛው ሙሉጌታ ነው። ሙሉጌታ ያኔ ለሽምግልና ቀርቶ ለትዳርም አልደረሰም ይባል ነበር፤ ነገር ግን የራሱ ታክሲ አለው፣ እንግሊዝኛም ይናገራል። ስለዚህ ለዚያን ቀን ሽማግሌ ተደረገ። ከአንድ ሰው ኮት ተውሶ መጣ፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

«ቀጠሮ ልያዝ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሽማግሌ ቀጠሮ አይይዝም። ማልዶ ይሄዳል፣ ሰውየውን ቤቱ ያገኘዋል።»

ማልደን በታክሲ ተነሣን። አገራችን ሽማግሌ የሚላከው ልጅቷን ለመጠየቅ ነው፤ እኔ ልጅቷ ሆኜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ፣ ኮሌጅ እንዲሰጠኝ ሊጠየቅልኝ እሄዳለሁ። በረሃው ውስጥ ስንገባ ሙቀቱ እሳት ሆነ። ጋሽ ዘለቀ ግን ኮት የሚያወልቅ ሽማግሌ ሽማግሌ አይደለም አሉ፤ ሙሉጌታም በዚያች አጭር ኮት ውስጥ በላብ እየታጠበ ድራይቭ አደረገ። መሪጌታ በመስኮቱ የምትገባውን ፀሐይ ለመከላከል መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘረጉ። ከጎናችን ያለፈ መኪና ሁሉ አይቶን አለፈ።

የምዝገባ ኃላፊዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፊቷ ደግ የሆነ ሴትዮ ናት። ኮት የለበሱ ሦስት ወንዶችና አንዲት ልጅ ተከታትለው ሲገቡባት ደንገጥ አለች፤ ቢሆንም ወንበር አሳየችን።

«አንቀመጥም በላት» አሉ ጋሽ ዘለቀ ለሙሉጌታ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ቁጭ ተብሎ ነው እኮ የሚወራው።»

«ልመና ይዘን መጥተን? እሺ ሳትለን አንቀመጥም። በላት።»

ሙሉጌታ አላት። ሴትዮዋ ወንበሮቹ የቆሸሹ መስሏት በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገች። ማንም አልተቀመጠም። ጥቂት ቆይታ፣ እንግዳ ቆሞ እሷ መቀመጧ ከበዳት መሰለኝ፣ እሷም ተነሣች። መሪጌታ በዚህ ደስ ብሏቸው «ጉድ ሞርኒንግ» አሉ። ከቀትር በኋላ ነበር።

ጋሽ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እኛ የዚህች ልጅ ሽማግሌዎች ነን። ያስቀየመቻችሁ ነገር ካለ እግራችሁ ሥር ወድቀናል። ልጅቷ የጨዋ ልጅ ናት። ሜዳ ላይ የወደቀች አይደለችም፤ ቤት አላት። የምትተኛበት አለ፤ ብትሄድም ማንም አይነካባትም። ሥራ ካልያዛት በቀር ዕረፍት በወጣች ቁጥር የምትመጣው ወደ እኛ ነው። ሲጎድልባት እኛ አለን። ዋስ ቢያስፈልግ ሦስታችንም ዋስ ነን። ተምራ ስትጨርስ ደግሞ እኛው መጥተን እንወስዳታለን፤ እናንተን አታስቸግርም።»

በአማርኛ ከዚህ የተሻለ ምስክርነት የለም። ይህን ሰምቶ ልጁን የማይድር አባት አይኖርም። ሙሉጌታ በሌላ ጊዜ የሚናገረው እንግሊዝኛ ስለ መንገድና ስለ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ግን ምን እንደረዳው እንጃ፣ አንድ ቃል ሳይጥል ተረጎመው። ቤት አላት። በየጊዜው ትመጣለች። ሲጎድልባት እንሞላለን። ስትጨርስ እንወስዳታለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እዚህ የጣሉት ሦስት ወንዶች ናቸው።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠች።

«በጣም ጥሩ ሰዎች ናችሁ» አለች። «ግን አሁን የነገራችሁኝ እኮ ቤቷ ካሊፎርኒያ መሆኑን ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የእኛ ነዋሪ የምላት ሌላ ቦታ የሚጠብቃት ቤት ከሌለ ነው።»

ሙሉጌታ ተረጎመ። መሪጌታ ነገሩ የተሳካ መስሏቸው ራሳቸውን በደስታ ነቀነቁ። ጋሽ ዘለቀ ግን ገብቷቸዋል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ። በረሃውን ሙሉ ያላላባቸው ሰው ናቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለቻቸው ሴትዮዋ። «ይህች ልጅ ዛሬ ከዚህ ብትነሣ እርስዎ ዘንድ የምትገባበት ቤት አላት ወይስ የላትም?»

አላት ቢሉ እኔ ቀረሁ። የላትም ቢሉ ዋሹ፤ ያውም ቆመው። ጋሽ ዘለቀ የተቆለፈውን ኮታቸውን ፈቱት። ከዚያ ከታች ጀምረው እንደገና ቆለፉት። እንዲህ ቀስ ብለው ሲቆልፉ አይቼ አላውቅም።

«እስከ ዛሬ ነበራት» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ የላትም። ቤቴ ተዘግቶባታል።»

ሙሉጌታ የኮቱን አጭር እጅጌ ወደ ታች ጎተተ።

«ተርጉም።»

«ጋሼ፣ ይኼን እንኳ አልተረጉምም።»

«ለምን?»

«ነውር ነዋ። በሴት ልጅ ላይ ቤት መዝጋት... እኔ ከአፌ አይወጣም።»

መሪጌታም አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባት ከአንዳችን ወደ ሌላችን ታያለች። ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያት፣ የሺ።»

ነገርኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ቤታቸው ለእኔ ዝግ ነው ይላሉ» አልኩ በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ ሲባል ትንሽ ነገር ይመስላል። እሳቸው ግድግዳውን እያዩ ነበር። ለእንግዳ በሩን ክፍት አድርጎ የኖረ ሰው እንዲህ ሲናገር ምን እንደሚሰማው እኔና እነዚያ ሁለት ሰዎች እናውቃለን፤ ሴትዮዋ አታውቅም፤ ፊታቸውን አይታ ግን የሆነ ነገር የገባት ይመስለኛል።

«ከዛሬ ጀምሮ?» አለች።

«ከዛሬ» አልኳት።

«እንግዲያው ዓመቱን ከዛሬ እንቁጠረው። ያለፈውን ልይዝልሽ አልችልም። አንድ ዓመት እዚህ በራስሽ ኑሪ፤ ከዚያ ተመልሰሽ ነይ። ቦታሽን እስከዚያ እንዲያቆዩልሽ ክፍሉን እኔ አነጋግርልሻለሁ።» ይህን የመጨረሻውን ልታደርግልኝ ግዴታ አልነበረባትም።

«እሺ አለች?» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«አለች» አለ ሙሉጌታ።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ወንበሩ ሁለት ነበር።

ውጭ ስንወጣ ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሊሰናበቱኝ መስሎኝ እጄን ሰጠኋቸው። «ቁልፉን» አሉ። የማይቆለፍ ቤት ቁልፍ ነው፤ ለወጉ ነበር የያዝኩት። ሰጠኋቸው፤ ኪሳቸው ከተው ታክሲው ውስጥ ፊት ወንበር ተቀመጡና ወደ ፊት ብቻ ተመለከቱ። ሙሉጌታ በኋላ እንደነገረኝ መንገድ ላይ ያለችው ባርስቶ ከተማ እስኪደርሱ ቃል አልተነፈሱም። እዚያ ቤንዚን ሲቀዱ ግን መላጣቸውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉ። መላጣቸው የታወቀ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ለቢሮ የተባለ መስሎኝ ነበር። ዕረፍት እንደወጣሁ እንደ ልማዴ በአውቶቡስ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው ጋሽ ዘለቀ በነጠላ ጫማ መጥተው ደፉ ላይ ቆሙ።

«ደህና ነሽ የሺዬ? መንገዱ አላደከመሽም?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። ልግባ?»

«አይሆንም።»

«ኮሌጁ እዚህ ድረስ መጥቶ አያይ ጋሼ።»

«ኮሌጁማ አያይም። ዓመት ሲሞላ ግን ያቺ ሴትዮ ካሊፎርኒያ ቤት አለሽ ወይ ትልሻለች። ምን ልትያት ነው?»

«የለኝም እላታለኋ።»

«ሶፋዬ ላይ ስትተኚ ከርመሽ? ዓይንሽን ወዴት ታደርጊዋለሽ? አውቅሻለሁ እኮ፤ ውሸት ስትናገሪ ጆሮሽ ሳይቀር ይቀላል። ዓይኗን እያየሽ እንድትመልሺላት ነው።»

ይህን ብለው በሩን ከኋላቸው ሳብ አደረጉና ወጥተው ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ሰሃን ይዘው ተከተሉ። ሦስታችን ደረጃው ላይ በላን፤ የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ በላያችን ተራመደ።

ዓመቱ እንዲህ አለፈ። ፊት ለፊት የምትኖር ሚስስ ሮዝ የምትባል ባልቴት ነበረች፤ ብቻዋን ናትና ማደሪያ ስትጠየቅ ደስ አላት። ከእሷ ቤት አደርኩ፤ ጠዋት ጠዋት ጋሽ ዘለቀና እትዬ አስካለ ቁርስ ይዘው ኮሪደሩን ተሻግረው ይመጣሉ። ሽሮው ይሻገራል፣ ሳህኑ ይሻገራል፣ አንዳንዴ ድስቱም ይሻገራል። ቤታቸው እንዳልገባ ሲሉ ቤታቸውን በሙሉ ወደ እሷ አዛወሩት። ሚስስ ሮዝ አንድ ቀን ሰውየው ለምን አያስገባሽም ብላኝ ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳት። «እብድ ነው» አለች። ጥቂት አሰበችና «ባሌም እንዲህ ነበር» አለች።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ እትዬ አስካለ የሐሞት ጠጠር ወጣላቸው። ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን ስሰማ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ገሰገስኩ። አሁንስ መቼም ያስገቡኛል ብዬ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ደፉ ላይ ቆመው አዩኝ፤ ወደ ውስጥ አዩ፤ ኮሪደሩን አዩ። ከዚያ ሙሉጌታን ጠርተው፣ ታማሚዋን ከነወንበራቸው ብድግ አድርገው ሚስስ ሮዝ ቤት አስገቡልኝ።

«አንተ ሰው» አሉ እትዬ አስካለ ወንበሩ ላይ ሆነው ሆዳቸውን ደግፈው፣ «እኔን ከምታወጣ እሷን ብታስገባት ምን አለበት?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የሚባለው።»

«የወለድከው ቢኖርህማ እሺ። ያለችን እቺው ናት።»

ሙሉጌታ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጋሽ ዘለቀ ቁልፋቸውን ሊቆልፉ እጃቸውን ላኩ፤ በካናቴራ ወጥተው ኖሮ ቁልፍ አልነበረም።

«ስለዚህ ነው እኮ» አሉ ዝግ ብለው።

እስከዚያች ቀን ድረስ ተቀይሜያቸው ነበር፤ አልደብቅም። የሚያሾፉብኝም፣ ግትርነታቸው ከእኔ የበለጠባቸውም ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን የሚስስ ሮዝን ሻይ እየጠጣሁ፣ አባቴን ካርቱም ሳለሁ በመርዶ ያጣሁ ልጅ፣ አባት ማለት ምን እንደሆነ እንደገና አወቅሁ። እሳቸው ግን ስኳር በዛበት እያሉ ሻዩን ያማርራሉ።

ዓመቱ ሞልቶ ያቺ ሴትዮ ፊት ቀረብኩ። ወንበር አሳየችኝ፤ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ እንዴት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወደ ጥያቄዋ መጣች።

«ካሊፎርኒያ የምትመለሺበት ቤት አለሽ?»

«የለኝም» አልኳት። «ዓመቱን ሙሉ የዚያን ቤት ደፍ አልረገጥኩም።»

ዓይኗን እያየሁ ነው። ጆሮዬም አልቀላም፤ ቀልቶ ከሆነ ከሙቀቱ ነው። ፈረመች። የኔቫዳ ነዋሪ ነሽ፣ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ትምህርቱ በመጸው ይጀምራል።

ኮሌጁ ደጃፍ ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ ደወልኩ። እጀታው በፀሐይ ግሎ ያቃጥላል። ጋሽ ዘለቀ ገና ሳይጮህ አነሡት።

«ሆነ?»

«ሆነ ጋሼ።»

«ፈርማለች?»

«ፈርማለች።»

«ተመልሳ አትጠይቅም?»

«አትጠይቅም። አለቀ።»

እትዬ አስካለ ከጀርባ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። ጋሽ ዘለቀ አልመለሱላቸውም። በመሃላችን ያ ሁሉ በረሃ አለ፤ እሳቸው ግን ልክ ደጃፋቸው ላይ የቆምኩ ይመስል፣

«ታዲያ ምን ይገትርሻል?» አሉ። «ነይ ግቢ እንጂ።»

አውቶቡሱ ሎስ አንጀለስ ሲያደርሰኝ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ደረጃውን ስወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እንዳይዘጋ አንድ የወንድ ጫማ ተሸጉጦበታል። እትዬ አስካለ እንደነገሩኝ ጋሽ ዘለቀ ስልኩን እንደዘጉ ነው ያደረጉት፤ ዝንብ ቤቱን ሞላው ቢሏቸውም አልሰሙም። ጋሽ ዘለቀ ሲጠብቁኝ እንቅልፍ ጥሏቸው ሶፋዬ ላይ ተጋድመዋል፤ አንድ እግራቸው ጫማ አድርጓል፣ አንዱ ባዶ ነው።

አልቀሰቀስኳቸውም። ገባሁ።